አሰልጣኝ ሞሪቤ የመነኮሱ ዕለት

አሰልጣኝ ሞሪቤ ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው ቤታችን የመጡ ዕለት፣ አባቴን ሊወስዱብን የመጡ መስሎኝ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኛ ደጃፍ ላይ ጫማውን አውልቆ የገባ፣ ራሱን የተላጨ ሰው አንድ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ሴት አያቴ የሞተች ጊዜ ሊጸልይ የመጣው የኮረብታው ገዳም መነኩሴ፤ በእኛ አገር መነኩሴ ራሱን ይላጫል። እሱ በመጣ በማግስቱ አያቴን ይዘዋት ሄዱ፤ አልተመለሰችም። ስለዚህ ለእኔ ሒሳቡ ቀላል ነበር። ራሱን የተላጨ ሰው ከመጣ፣ ከቤት አንድ ሰው ይጎድላል።

በአያቴ ጊዜ ደግሞ ማን እንደሚጎድል ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበር። በዚህኛው ግን መገመት አያዳግትም፤ ከእሑድ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ስሙ በሹክሹክታ የሚነሣው አባቴ ነው።

እሑድ ዝናብ ነበር። የኢሶሃማ ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ቡድን ከጎረቤት ወደብ ከመጣው የመርከብ ሠራተኞች ቡድን ጋር የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ይጫወታል። አቻ ብንወጣ እንኳ ወደ ብሔራዊው ሊግ እናድጋለን። ከተማው በሙሉ ጃንጥላውን ይዞ ወጥቷል። እኔ የእናቴ አባት፣ አያቴ ጌንዞ፣ የዝናብ ካፖርት ሥር ገብቼ በአንድ ቁልፍ ክፍተት ነው የማየው። አያቴ በዓሣ ገበያው ጨረታ የሚጮሁ ሰው ስለነበሩ ድምፃቸው ሜዳውን ተሻግሮ ይሰማል፤ ካፖርቱ ውስጥ ሆኜ ደረታቸው ሲንቀጠቀጥ ጆሮዬን ይነዝረኛል። ካፖርቱ የዓሣ ሽታ ነበረው። እሳቸውም እንደዚያው።

አባቴ ቶኩጂ ግብ ጠባቂ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ ጣሳ ሲያሽግ ያረፍድና ከሰዓት በኋላ ጓንቱን አጥልቆ ሜዳ ይወርዳል። አሰልጣኝ ሞሪቤም የዚያው የማሸጊያ ክፍል አለቃ ናቸው። በሳቸው ክፍል አንድ ሕግ ነበር፤ የተጨረማመተ ጣሳ እጁ ላይ የገባ ሰው እጁን አንሥቶ መስመሩን ያስቆማል። አላየሁም ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ያሳለፈ፣ እሱ ከሳቸው ጋር ይተያያል። ይህንኑ ሕግ እንዳለ ሜዳ ላይ አወረዱት።

«ኳስ ጠልዞ መገላገል የተጨረማመተ ጣሳ ማሳለፍ ነው» ይሉ ነበር። «ችግሩ ከአንተ ራቀ እንጂ አልጠፋም። አሁን የሌላ ሰው ችግር ሆነ።»

ስለዚህ የሳቸው ግብ ጠባቂ ኳስ አይጠልዝም። ሦስት አጥቂ እየጋለበ ቢመጣበትም ኳሱን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ቀና ብሎ አይቶ፣ ቅርብ ላለው ጓደኛው እግር ላይ ያስቀምጣል። ያኔ በእኛ አገር ግብ ጠባቂ ማለት ያዝ፣ ጠልዝ፣ ማለት ነበር፤ ሌላ አልተለመደም። አያቴ ጌንዞ ገበያው ላይ ሰው ሰብስበው «ሞሪቤ እኮ አሰልጣኝ አይደለም፤ ባለ ሆቴል ነው። አማቼን አስተናጋጅ አድርጎ ኳስ በሰሃን ያስቀርበዋል!» እያሉ ያስቁ ነበር።

የዚያን ዕለት ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ባዶ ለባዶ እያለን፣ አባቴ ኳስ ያዘ። አንድ ረጅም አጥቂ እየሮጠ መጣበት። ከዳር እስከ ዳር «ጠልዘው! ጠልዘው!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ የአያቴ ደረት ጆሮዬ ላይ ፈነዳ። አባቴ ኳሱን መሬት አወረደና ለተከላካዩ ለኩዶ ሰጠው። ኳሱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ኩሬ ውስጥ ቀጥ አለ። ኩዶ ሲንሸራተት፣ ረጅሙ ሰውዬ ቀድሞ ደረሰ፣ ከዚያ መረቡ ተወዘወዘ።

ትዝ የሚለኝ ዝናቡ ጃንጥላዎቹ ላይ ሲወርድ የነበረው ድምፅ ነው። ያን ያህል ሰው ባለበት ሌላ ምንም አይሰማም ነበር።

ሰኞ ትምህርት ቤት ምሳዬን ይዤ ስነሣ ልጆቹ በሙሉ «ጠልዘው!» ብለው ጮኹብኝ። ማክሰኞም እንደዚያው። ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የጮኹብኝ ልጆች ልጆች እኔው ክፍል አልፈዋል። በፈተና አልተበቀልኳቸውም። ብዙም።

አባቴ አልተናገረም፤ አልበላም ማለትም ይቻላል። እንደ ወትሮው ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ጓንቱን አጥቦ ያሰጣል፤ እንደገና ያጥበዋል። ሰኞ ማታ ራት ላይ አያቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማሁ፤ እሳቸው ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«አንድ ዓመት ምን አላት? ቁጭ ብድግ ስትል ታልቃለች። ከሰው ዓይን ራቅ ይበል። ሰው ይረሳል።»

«እኔው ነኝ የጠየቅኩት» አለ አባቴ። «አባትሽን አትውቀሺ፣ ፉሚኤ።»

እናቴ የሾርባውን ክዳን ከፍታ መልሳ ከደነችው።

በማግስቱ ምሽት በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ፤ አሰልጣኝ ሞሪቤ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ያ ሁሌ ወደ ኋላ የሚያበጥሩት ጥቁር ፀጉር የለም። ጭንቅላታቸው ከመብራቱ ሥር ያብረቀርቃል፤ ጆሮዎቻቸው ሰፉ፤ ሌላ ሰው ሆኑ። እኔ በወረቀት ከተሠራው የመኝታ ክፍሉ በር ጀርባ ነበርኩ። 

ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ለእናቴና ለአያቴ እጅ ነሡ። መነኩሴውም እንዲሁ ነበር ያደረገው።

«የቶኩጂን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «አለቆቹ አንድ ዓመት ሰጥተውኛል። ያንን አንድ ዓመት ቶኩጂን ለእኔ ተዉልኝ።»

አያቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሰልጣኝ፣ ሰውየው ራሱ ቆርጧል። ቦታ ተይዞለታል። ሐሙስ ነው የሚሄደው። ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ፤ ምን ላድርግ?»

«ቶኩጂ፣ አንተስ?»

አባቴ ጉልበቱን እያየ «ከዚህ በኋላ ሰው ፊት መቆም አልችልም» አለ።

አሁን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። አሰልጣኙ መንኩሰዋል። አባቴንም ሊያመነኩሱት ነው። ሐሙስ ነው። ገዳሙ ውስጥ ቦታ ተይዞለታል። ከሰው ዓይን ርቆ አንድ ዓመት፤ ከዚያ ደግሞ ማን ያውቃል፣ አያቴንም አልመለሷትም።

በነገሩ ውስጥ ገዳም አልነበረም። ቦታ የተያዘው ወደ ደቡብ ባሕር የሚሄድ የቱና ዓሣ አጥማጆች መርከብ ላይ ነው፤ የአያቴ የአጎት ልጅ መርከብ። አንድ ዓመት ያልኩት አንዱ የመርከቡ ጉዞ፣ አንዱ ፋብሪካው ቡድኑን እንዲያሳድጉ ለአሰልጣኙ የሰጣቸው ጊዜ ነበር። በእኛ ዘንድ ራስን መላጨት ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፍረዱብኝ፣ ማለት ነው፤ ማንኛውም ትልቅ ሰው ያውቀዋል። እኔ ግን ትልቅ ሰው አልነበርኩም። ባለኝ እውቀት ቤቴን ከመነኮሳት ለማዳን ተነሣሁ።

መጀመሪያ የአባቴን ምላጭ ከመስተዋቱ ሥር አንሥቼ የሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ክንዴ እስከሚደርስ ድረስ ቀበርኩት። ምላጭ ከሌለ መላጨት የለም። ረቡዕ ጠዋት እናቴ ሩዝ ስትሰፍር እጇ ምላጩን አገኘው። አየችው፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ መልሳ ቀበረችው።

«ምላጬን ያየ ሰው አለ?» አለ አባቴ ከወዲያ።

«አላየሁም» አለች እናቴ።

ተባባሪ አገኘሁ ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። ለምን መልሳ እንደቀበረችው የገባኝ እኔም ባል ካገባሁ፣ የልጆች እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። ያን ሰሞን አባቴ ሲቀመጥ፣ ሲነሣ፣ መጸዳጃ ቤት ሲቆይ በዓይኗ ትከተለው ነበር። እሷ መነኩሴ አልነበረም የፈራችው።

የዚያኑ ዕለት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አሰልጣኝ ሞሪቤን የፋብሪካው በር ላይ አየኋቸው። ሠራተኛው በጎርፍ ይገባል። እሳቸው ከበሩ አጠገብ በብርዱ ባዶ ራሳቸውን ቆመው፣ ባርኔጣቸውን ሆዳቸው ላይ በሁለት እጅ ገልብጠው ይዘው፣ ለሚያልፈው ሁሉ ዝቅ ብለው እጅ ይነሣሉ። የገዳሙ መነኮሳትም በክረምት እንዲህ ነበር ገበያው ዳር ቆመው የሚለምኑት፤ ሳህናቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ገረመኝ። ትናንት አለቃ፣ ዛሬ ለማኝ።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ይላሉ ለአንዱ። «ልጁ ያደረገው እኔ ያልኩትን ነው» ይላሉ ለሌላው። አንዳንዱ እጅ ነሥቶ ያልፋል፤ አንዳንዱ ዓይኑን ይሰብራል። አንዷ የዓሣ አጣቢዎች ክፍል ሴትዮ ቆም ብላ «በሚቀጥለው ዓመት እንኳ ይጠልዛላ?» አለቻቸው።

«አይጠልዝም፣ እመቤቴ። ያለዚያማ ይቅርታ የምለው ለምንድን ነው?»

ሴትዮዋ «ይሄ ሰው ለይቶለታል!» ብላ እየሳቀች ገባች።

እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ለምሳ የተሰጠኝ መንደሪን ነበረኝ። አሰብኩ። ለመነኩሴ ምጽዋት የሰጠ ሰው የጠየቀው ይሆንለታል ተብያለሁ። ሄድኩና መንደሪኑን ባርኔጣቸው ውስጥ ጣል አደረግኩት።

«ይኸው ጋሼ። አባቴን ግን አይውሰዱብን።»

አሰልጣኝ ሞሪቤ ቁልቁል አዩኝ። ቁጢጥ ብለው ፊታቸውን ከፊቴ አስተካከሉ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ከብርዱ ይሆናል።

«የቶኩጂ ልጅ ነሽ?»

«አዎ። ሳዋኮ።»

«ሳዋኮ፣ አባትሽ የትም አይሄድም።»

«እውነት?»

«እኔ እያለሁ አይሄድም።»

መንደሪኑን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ለሠራተኛው እንደሚያደርጉት ለእኔም ዝቅ ብለው እጅ ነሡኝ። ትልቅ ሰው እጅ ሲነሣኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ ሄድኩ፤ ያን ቀን ቢጮሁብኝም ደንታዬ አልነበረም። አባቴን በአንድ መንደሪን ተቤዥቼዋለሁ።

ለብዙ ዓመታት እንደዚያ ነበር የማምነው፤ አሁንም ቢሆን አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ። እውነቱ ግን ሰኞ ማታ ሁላችንም ስንተኛ፣ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ እስከ አሰልጣኙ ቤት በእግሯ የሄደች ሌላ ሴት ነበረች። «ባሌ ሐሙስ ባሕር ሊሄድ ነው፤ ከሄደ የሚመለስ አይመስለኝም» ያለችው እሷ ናት። እናቴ ይህንን የነገረችኝ አባቴ ካረፈ በኋላ ነው፤ ዓሣ እየገፈፈች፣ ስለ ዋጋ መወደድ በምናወራበት መሐል።

ሐሙስ ጠዋት ስነሣ በሩ ሥር የሸራ ሻንጣ ተቀምጧል። አባቴ ጢሙ አድጎ፣ ካፖርቱን ለብሶ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ውጭ የአያቴ የዓሣ መኪና ሞተሩ እየጮኸ ይጠብቃል።

«አባዬ፣ የት ልትሄድ ነው?»

«ትንሽ ራቅ ያለ ቦታ። እማዬን እንዳታስቸግሪ።»

 አሰልጣኙ መንደሪኔን በልተው ከዱኝ! እየሮጥኩ ከቤት ወጣሁ። ያኔ ነው በመንገዱ ጫፍ ያየኋቸው።

ጭጋጉ ውስጥ በረድፍ እየመጡ ነበር። ፊት ፊት አሰልጣኝ ሞሪቤ፤ ከኋላቸው አንድ ሌላ ራሱን የተላጨ፣ ከሱ ኋላ ሌላ፣ ከሱ ኋላ ሌላ። ሁሉም ራሰ በራ፣ ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ገዳሙ በሙሉ ግልብጥ ብሎ አባቴን ሊወስድ መጥቷል።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ግን የደጁን መጥረጊያ ይዤ መንገዱ መሐል ቆምኩ።

«አልሰጥም! አባቴን አልሰጥም! ውሸታም! መንደሪኔን ይመልሱ!»

ረድፉ ቆመ። አንዱ መነኩሴ ከመሐል ወጥቶ ቀረበኝ። ጭንቅላቱ በምላጭ ተቆራርጦ እዚያም እዚህም የጥጥ ቁራጭ ተለጥፎበታል።

«ሳዋኮ፣ እኔ ነኝ። ኩዶ።»

መጥረጊያውን እንደያዝኩ አየሁት። ጠማማ አፍንጫው የኩዶ ነበር። ከጎኑ ያሉትንም አንድ በአንድ ሳያቸው፣ የእኛው የፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ በየበዓሉ ቤታችን እየመጡ ትከሻቸው ላይ የሚያወጡኝ። መንኩሰዋል ማለት ነው፣ ሁሉም። ዕንባዬ መጣ።

አባቴ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በር ላይ ቆሟል። ሲያያቸው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ምን አደረጋችሁ?» አለ። «እናንተ ምን አጠፋችሁ?»

«አንተስ ምን አጠፋህ?» አሉ አሰልጣኝ ሞሪቤ። «ያ ሻንጣ ምንድን ነው?»

«እኔ ከሄድኩ ነገሩ ይበርዳል። ሰው ይረሳል። እርስዎንም መውቀስ ይተዋሉ፤ ቡድኑም ይተነፍሳል።»

«ጠለዝካት ማለት ነው።»

አባቴ ሻንጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩህ? ነገር ሲመጣብህ ዓይንህን ጨፍነህ ወደ ባሕር ጠልዝ ብዬሃለሁ? ኳሷ ወዴት እንደምትወድቅ አይተሃል? ሚስትህ ላይ ነው የምትወድቀው። እዚህች ባለ መጥረጊያዋ ላይ ነው የምትወድቀው። ዓመቱን ሙሉ ገበያው ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ላይ ብቻቸውን ሊከላከሉልህ? ቅርብህ ያለ ሰው አጣህ?»

 አያቴ ከመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ኧረ መርከቡ ሊያመልጠን ነው!» ብለው ጮኹ።

አሰልጣኝ ሞሪቤ ዞር ብለው በአክብሮት እጅ ነሡ። «መርከቡ ይሂድ፣ አባታችን።»

ያኔ ኩዶ ተናገረ። ኩዶ በተፈጥሮው ቃል የሚያወጣ ሰው አልነበረም፤ አንገቱ ድረስ ቀላ።

«ቶኩጂ፣ ያችን ኳስ ለእኔ ነው የሰጠኸኝ። እኔ አልደረስኩባትም። ሳልደርስባት ከሄድክ ዕድሜ ልኬን ሳልደርስባት ልቀር ነው። ደግመህ ስጠኝ። በቃ። ደግመህ ስጠኝ።»

  እናቴ ከአባቴ ጀርባ መጣች። እግሩ ሥር ተንበርክካ፣ ያሰረውን የጫማ ክር ፈታችው። አንዱን አወለቀች፤ ሌላውን አወለቀች፤ ጫማዎቹን አዙራ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። አባቴ በካልሲው ቆሞ ቀረ። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠና መልሶ ወደ ቤት ገባ።

አያቴ ሞተራቸውን አጠፉ። «እኔም እኮ ዘመዴ ነው ብዬ እንጂ ያ መርከብ ያፈሳል» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አላውቅም።

ቡድኑ በሙሉ ገባ፤ የጫማው ክምር ከደጅ አልፎ መንገድ ወጣ። እናቴ ለሁሉም ቁርስ ልታበስል የሩዙን ማስቀመጫ ገልብጣ ስታወጣ ምላጩ ዱብ አለ። ኩዶ አንሥቶ አየው፤ የተቆራረጠ ጭንቅላቱን ዳሰሰ።

«እዚህ ቤት ደህና ምላጭ ነበረ እንዴ? እኛን እኮ ሁላችንንም በአንድ ዶልዱም ነው ያረዱን!»

አባቴ ሳቀ። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሳቁ አንዴ ከጀመረው አላቆመም፤ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ምላጩን ተቀብሎ ወደ ጭንቅላቱ ሲያስጠጋ አሰልጣኝ ሞሪቤ እጁን ያዙት።

«አንተ አትላጭም። ጢምህን ብቻ። ግቡ ላይ የቆመው ያው ቶኩጂ መሆኑን ሰው አይቶ መለየት አለበት።»

በፀደይ የውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ ሲመጣ ሜዳው ከወትሮው በላይ ሞላ። የመጣው ለድጋፍ አልነበረም፤ ዘንድሮስ ምን ሊያደርግ ነው ብሎ ነው። ተጫዋቾቻችን ፀጉራቸው እንደ ብሩሽ ቆሞ ገቡ፤ በመሐላቸው አንድ ባለ ሙሉ ፀጉር ሰው ነበር፤ ከሩቅ ይለያል። በእናቴና በአያቴ መሐል ተቀምጬ ነበር። እናቴ ሜዳ ስትመጣ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ይዛለች፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል።

ጨዋታው ብዙ ሳይቆይ ኳስ ወደ አባቴ ተመለሰ። አንድ አጥቂ አየው፤ መሬቱን እየቆፈረ ተነሣ። ሜዳው ባንድ አፍ «ጠልዘው!» አለ። አያቴም ተነሥተው፣ የገበያውን ድምፃቸውን ሙሉ አውጥተው «ጠልዘው፣ ቶኩጂ! በእናትህ ጠልዘው!» አሉ። እኔ ራሴ፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ በልቤ ጠልዘው እያልኩ ነበር።

አባቴ ኳሱን እግሩ ሥር አደረገ። ቀና አለ። አጥቂው ቀረበ። ጠበቀው። አጥቂው ሊደርስበት አንድ እርምጃ ሲቀረው ኳሷን በጎኑ ለኩዶ ሰጣት።

ኩዶ ደረሰባት። ለሌላው ሰጠ፤ ያም ለሌላው።

ከዚያ ምንም አልሆነም። ግብ አልገባም፤ ኳሱ መሐል ሜዳ ደርሶ በጎን ወጣ። ግን ያን ያህል ሰው ጸጥ አለ። አባቴ ግቡ አፍ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሳይደፋ ወደ ሰዉ ያያል። ከእሑዱ ወዲህ ሰው ፊት እንደዚያ ቆሞ አላየሁትም ነበር።  ያ ሰውዬ አባቴ ነው!

እናቴ ተነሣች። ብቻዋን ቆማ ማጨብጨብ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ በደንብ፣ እጇን ሳትደብቅ። ሰው ዞሮ አያት። አሰልጣኝ ሞሪቤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ እሷ ዞሩና ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ከኋላችን ያቺ የዓሣ አጣቢዎች ሴትዮ «እሰይ!» ብላ ተከተለች፤ እኔም መዳፎቼ እስኪቃጠሉ አጨበጨብኩ። አያቴ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆዩ። በሦስተኛው ጨዋታ ግን ሲያጨበጭቡ ያዝኳቸው፤ በርዶኝ ነው አሉ።

በዚያ ዓመት አላደግንም። በሚቀጥለው አደግን። አሰልጣኝ ሞሪቤ ሲያረጁ የግብ ጠባቂዎቹን ሥልጠና ለአባቴ አስረከቡት፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ከተማው ክለቡን አልሰጥም ብሎ በየቤቱ እያዋጣ አቆመው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰልጣኝ መጥቶ ሄዷል፤ ከባሕር ማዶ የመጡም አሉ። እያንዳንዱ በገባ በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው አንድ ነገር ነው፤ ማሸነፍም መሸነፍም ያለ ነው፣ እዚህ ግን ግብ ጠባቂ አይጠልዝም። አንዱ ሊያስጠልዝ ሞክሮ ነበር፤ ደጋፊው አልሰደበውም፤ ዝም አለው። ወቅቱን ሳይጨርስ ሄደ። እዚህ ኳስ የያዘ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳይቀር ቀና ብሎ ጓደኛውን ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ከአንድ የጣሳ መስመር አለቃ ግትርነት የወጣ ነው፤ ስናገረው አንገቴ ቀጥ ይላል።

ማጨብጨቡም ቀረ ወይ? አልቀረም። የእኛ ግብ ጠባቂ ተከቦ ኳሱን ለቅርቡ ሰው ባስቀመጠ ቁጥር ስታዲየሙ በሙሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል፤ ለግብ እንኳ እንደዚያ አይነሣም።

ባለፈው ወር ከዋና ከተማው የመጣ አንድ ወጣት ጋዜጠኛ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የእኛ ልጅ ኳሷን ለተከላካዩ ሰጣት፤ ሁላችንም ተነሣን። ልጁ ግራና ቀኝ አየ፤ ሰሌዳውን አየ፤ ግራ ገባው።

«ይቅርታ እማማ፣ ምን ተፈጠረ?» አለኝ። «እኔ ያየሁት ነገር የለም። ምን ተፈጥሮ ነው ሰው እንዲህ የሚያጨበጭበው?»

እጄን ማጨብጨብ ሳላቆም መለስኩለት።

«አባቴ ባሕር አልሄደም።»